የሀብትነሽ ልጅ ባቄላ ያወጣች ዕለት

የዚያን ቀን በረዶ ጣለ። ዘመኑ 2015 ነው። ጥቅምት ገብቶ፣ ጤፉ አፍርቶ፣ ሰው ሁሉ ክረምቱን ሸኘሁ ባለበት በአንዱ ማክሰኞ፣ ረፋዱ ላይ ሰማዩ በላህ ወንዝ በኩል ጠቆረና ሽምብራ የሚያህል በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። በማንኩሳና በፍኖተ ሰላም መካከል ያለችው የቀበሌያችን ትምህርት ቤት አሮጌ ናት። ውኃው በበሩ ሥር ገብቶ የስምንተኛ ክፍልን ወለል አጥለቀለቀው። እኔ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። መጥረጊያና ጆንያ ይዤ ገባሁ፤ ውኃውን ወደ ውጭ ስገፋ፣ የቀረውን በጆንያው ሳደርቅ ክፍለ ጊዜው አለቀ። ስለዚህ የክፍሉን ነገር በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ሰው ነግሮኝ አይደለም።

የምጽፈው ስለ ሀብትነሽ ነው። ሀብትነሽ ሸክላ ሠሪ ናት። እናቷም ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ አያቷም። ጭቃውን ከወንዙ ዳር ትቆፍራለች፣ በጀርባዋ ተሸክማ ታመጣለች፣ ታሻለች፣ ታበጃለች፣ በኩበት ትተኩሳለች። ከእኛ ሰፈር እስከ ማንኩሳ ባለው ቤት ሁሉ ጠላ የሚጠመቀው በእሷ ጋን ነው፣ ወጥ የሚሠራው በእሷ ድስት ነው። እሷ ግን ከእነዚያ ቤቶች ደጃፍ ቆማ ውኃ ብትጠይቅ የሚሰጧት በቅል ስባሪ ነው፤ ስትሄድ ቅሉን ይጥሉታል። ሕፃን የታቀፈች ሴት በመንገድ ላይ ካገኘቻት የልጇን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላላ። ቅዳሴ ላይ ከእኛው ጋር ትቆማለች፣ ትቆርባለች። ማኅበር ሲጠጣ ግን ጽዋው እሷ ዘንድ አይደርስም።

እኔና ሀብትነሽ ሦስተኛ ክፍልን አብረን ጀምረን ነበር። መምህሩ እኔ አጠገብ አስቀመጣት። ማታ ለእናቴ ነገርኳት፤ በማግስቱ እናቴ መጥታ ቦታ አስቀየረችኝ። ከእኔ ቀጥሎ የተቀመጠችውም ልጅ ተነሣች፣ ከእሷ ቀጥሎ ያለችውም። ሀብትነሽ ለብቻዋ መሬት ላይ ስትቀመጥ ከርማ ለገና ቀረች፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም። እኔም ከአምስተኛ አላለፍኩም፣ ዳሩኝ። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልጠየቅኳትም። ካደግን በኋላ ሰላም እንባባላለን፣ በገበያ ቀን ዕቃዋን አሸክማታለሁ፣ ያለፈውን ግን አንሥተነው አናውቅም።

ባሏ ቀጥቃጭ ነበር፣ ሞተ። አንድ ልጅ ተወላት፣ ያምሮትን። ያምሮት ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ነበር። በእኛ ቀበሌ ከእነሱ ወገን እዚያ የደረሰ ሰው የለም። ሀብትነሽ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ልጅቱ የዓመቱን መጨረሻ የስምንተኛ ክፍል ፈተና እንድትፈተን። ፈተናውን ካለፈች ከተማ ገብታ ዘጠነኛ ትማራለች፣ ከዚያ ወዲያ ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። «ሌላው ይቅርብኝ፤ እሱን ብቻ አይቼ ልሙት» ትል ነበር።

የዜግነት ትምህርት የሚያስተምረው መምህር ወንዳወቅ የአዴት ልጅ ነው። ወጣት ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ባህር ዳር የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ መጥቶ ነበር፤ ከሥልጠና የመጣ ሰው ደግሞ እጁ አያርፍም። የዚያን ዕለት በእንቅብ ባቄላና ገል ቀላቅሎ ይዞ ገባ። የተሰበረ ጀበና ገል ነው።

«ዛሬ የሚና ጨዋታ እንጫወታለን» አለ፤ በረዶው ስለሚጮህ እየጮኸ ነው። «ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ አንድ አውጡ። ባቄላ ያወጣ ለዛሬ ጨዋ ነው። ገል ያወጣ ለዛሬ ሸክላ ሠሪ ነው። ሸክላ ሠሪዎች ኋላ ይቀመጣሉ፣ ከጨዋዎች ጋር በአንድ ጣሳ አይጠጡም። መናቅ ምን ያህል እንደሚያም ታውቁታላችሁ።»

መጥረጊያዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። «ገሎች» ብሎ ቢተወው ምን ነበረበት? ቀይ ቢል፣ ሰማያዊ ቢል? ልጅቱ እኮ እፊቱ ተቀምጣለች።

እንቅቡ ዞረ። ያምሮት እጇን ከታ ስታወጣ ባቄላ ሆነ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ኧረ ያምሮት ጨዋ ሆነች!» አለ አንዱ ከኋላ።

«በረዶው የጣለው ለካ ለዚህ ነው!» አለ ሌላው፤ መምህሩም ሳቀ።

ሰብሊ ገል ደረሳት። ሰብሊ የአያ ሀይሉ ልጅ ናት። አያ ሀይሉ ሁለት ጥንድ በሬ ያለው፣ ለሽምግልና የሚጠራ ሰው ነው፤ ቤቱ ከእኔ ቤት አጥር ለአጥር ነው። በዚያ ክፍል ከያምሮት ጋር በአንድ ወንበር የምትቀመጠው ሰብሊ ብቻ ነበረች። እቤቷ ይህንን አያውቁም።

«ጨዋዎች፣ ጀምሩ እንግዲህ» አለ መምህሩ። «ሸክላ ሠሪ ውኃ ሲጠይቃችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

ልጆቹ ተፈራሩ፣ ተሣሣቁ። አንዱ «አልሰጥም» ብሎ ፊቱን ሸፈነ። ሌላው ምላሱን አወጣ። አያውቁትማ። ሲደረግ እንጂ ሲደረግባቸው አይተው አያውቁም።

ቀጥሎ ሰብሊ እየሳቀች ያምሮት ፊት ቆመች። «ያሙ፣ ውኃ አጠጪኝ እስቲ።»

ያምሮት አልሳቀችም። ተነሥታ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው። ጥግ ላይ ያለውን የመጠጥ ውኃ ጆግ አንሥታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸችና «እዚያው ቁሚ፣ ደጃፉን እንዳታልፊ። ሕፃን ተኝቷል» አለቻት። «እጅሽን ዘርጊ።» ሰብሊ እጇን ዘረጋች። ያምሮት ጆጉ እንዳይነካት ከፍ አድርጋ በእጇ ላይ አፈሰሰችላት። ከዚያ ከሰሌዳው ሥር የጠመኔ ብናኝ በጣቷ ጠርጋ የጆጉን አፍ ዙሪያውን አሸችው፤ አመድ መሆኑ ነው። «ዓይንሽን ወደ መሬት አድርጊ» አለቻት። «ድስትሽ ጥሩ ነው፣ እጅሽም ጥሩ ነው፤ አንቺ ግን ካጥሬ ወዲያ ሁኚ።»

ይህንን ቃል አውቀዋለሁ። የሰብሊ እናት የያይኔአበባ ቃል ነው። በአጥሬ በኩል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሰብሊም አወቀችው። መጀመሪያ ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ እዚያው እንደቆመች አለቀሰች። የሚስቅ ጠፋ።

መምህር ወንዳወቅ አጨበጨበ። «ግሩም! አያችሁ? አያችሁ እንዴት እንደሚያም?» ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣ። ሰብሊን «ምን ተሰማሽ?» ብሎ ጠየቃት። «ቤቴ ልሂድ» አለች። ያምሮትን የጠየቃት የለም። ያቺ ልጅ ያን ሁሉ ከየት ተማረችው ብሎ ለአፍታ እንኳ አላሰበም። ጎበዝ ተዋናይ ናት ብሎ ነው ያሰበው።

በማግስቱ ወላጆች ግቢውን ሞሉት። ገል የደረሳቸው ልጆች እናትና አባት ናቸው። እንዲህ ሆነው መጥተው አያውቁም። ጣሪያው ሲያፈስ አልመጡም፣ መጽሐፍ ሲጠፋ አልመጡም።

«የእኔን ልጅ ሸክላ ሠሪ ብሎ የሚሰይም እሱ ማን ነው?» ትላለች ያይኔአበባ፤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ነጠላዋ ወርዶ። «ሰባት ቤት ብትቆጥር በዘሬ የለም!»

«ቀልድ ነው እኮ እመት፤ ትምህርት ነው» ይላል ርዕሰ መምህሩ።

«በዘር ይቀለዳል? ነገ ማን ያገባታል?»

ርዕሰ መምህሩ ይቅርታ ጠየቃቸው። እጅ ነሥቶ ነው የጠየቃቸው። ከዚያም ወላጆቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ጠበል ወስደው አስጠመቁ፤ ስሙ እንዳይጣበቅባቸው። ለአንድ ቀን ነው፣ ያውም በጨዋታ፣ ያውም በባቄላና በገል! ሀብትነሽ ይህንን ስም ከእናቷ ሆድ ጀምራ ተሸክማዋለች፤ ለእሷ እጅ የነሣ ርዕሰ መምህር አላየሁም። ያምሮት ያን ሁሉ ጩኸት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሰማች። ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ትጽፍ ነበር፤ ቀና አላለችም።

ሐሙስ ሰብሊ ከትምህርት ቤት ቀረች። በረዳት፣ ከዚያ አተኮሳት፣ አስመለሳት። በጥቅምት በእኛ አገር ይህ ምን እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል። የቀበሌው ግማሽ በወባ ተኝቶ ነበር። ነገር ግን ማክሰኞ የሆነው ሁሉም ሰው አፍ ላይ ነበረ፤ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ እፊቷ ቆማ ትክ ብላ አየቻት፣ ውኃ ከእጇ ጠጣች፣ ታመመች። ዓርብ ጠዋት ያይኔአበባ ጭስ አጭሳ ልጅቱን በጋቢ ሸፍና ታጥናት ጀመር። እኔም ጠይቄ ልመለስ ብዬ ገብቼ ነበር።

«ማነው የበላሽ? ተናገሪ! ማነው?» ትላታለች።

ልጅቱ በትኩሳት ዓይኗ ተገልብጧል። «ያምሮትን ጥሩልኝ» አለች።

ያይኔአበባ እልል አለች። እውነቴን ነው፣ ልጇ እንዲያ ሆና እልል አለች። «ጠራቻት! ስሟን ጠራችው!»

ቡዳ የበላው ሰው ሲታጠን የበላውን ሰው ስም ይጠራል ይባላል። የተጠራው መጥቶ እንትፍ ካለበት ይድናል፣ ካላለበት ይሞታል። ልጅቱ የታመመች ልጅ እንደምታደርገው ጓደኛዋን ነበር የጠራችው። «ጥሩልኝ» ነው ያለችው። ይህንን ተናገርኩ። አንዲት አሮጊት ከጥግ ሆና «ቡዳ በወዳጁ ይጠናል ሲባል አልሰማሽም?» ብላ አፌን ዘጋችው። ተረቱ ለሁሉም ነገር መልስ አለው።

እኩለ ቀን ላይ ወደ ሀብትነሽ ቤት ሄዱ፤ አያ ሀይሉ፣ ርዕሰ መምህሩና መምህር ወንዳወቅ። እኔንም ትሰማሻለች ብለው ወሰዱኝ። ሀብትነሽ ደጇ ላይ ተቀምጣ የጋን አፍ ታበጅ ነበር። ማንም ከአጥሩ አልገባም።

«እንደምን ዋልሽ ሀብትነሽ» አለ አያ ሀይሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን ዋሉ አያ ሀይሉ።»

«ልጅሽን ላኪልን።»

«ወዴት?»

«ታውቂዋለሽ። እንትፍ ትበልባትና ትመለስ። አንጣላም፣ አንካሰስም። ብቻ ልጄን ትልቀቅልኝ።»

«ልጄ ልጅዎን አልያዘቻትም።»

«ስሟን ጠራችው እኮ ነው የምልሽ!»

«ሰው ሲታመም የሚወደውን አይጠራም እንዴ?» አለች ሀብትነሽ። ጭቃውን ከጣቷ እየጠረገች ተነሣች። «ምን ያማታል? ያንቀጠቅጣታል? ያስመልሳታል? ወባ ናታ! እታች ሰፈር የተኛውን ሁሉ አላዩም? እሱን ሁሉ እኛ በላነው? መቼ ጠግበን?»

አያ ሀይሉ ዱላውን መሬት ላይ ተከለ። «አፍሽን ሰብስቢ። ልጄ አንድ ነገር ብትሆን የሣር ቤት እንዴት እንደሚነድ ታውቂያለሽ።»

ርዕሰ መምህሩ ጫማውን ያይ ነበር። መምህር ወንዳወቅ ግን አጥሩን አልፎ ገባና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ ሀብትነሽ፣ እኔ በዚህ አላምንም፤ ያውቃሉ» አላት። «ግን ሰው ተቆጥቷል። ሁለት ደቂቃ ነው። ጨዋታ ነው ብላ ታስበው። ማክሰኞ እንዴት አሳምራ እንደተጫወተች ቢያዩ! አሁንም እንደዚያ አድርጋ እንትፍ ትበልና ነገሩ ይብረድ።»

ሀብትነሽ ትክ ብላ አየችው። በሕይወቴ ሰው ሰውን እንዲያ ሲያይ አላየሁም።

«ማክሰኞ ምን ሆና ነው የተጫወተችው?»

«ጨዋ ሆና።»

«እሱንማ ታውቀዋለች፤ ከየደጃፉ ተምራዋለች። የዛሬውን ከማን ትማር? ሰው መብላት እኮ አናውቅም መምህር። የሚያውቅ ካለ ያሳያት፣ ትጫወተው።»

መምህሩ ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔ ግን አላዘንኩለትም። ማክሰኞ ውሸት ነው ብሎ ያስተማረውን ነገር፣ ዱላ የያዘ ሰው ባየ ጊዜ፣ እንድትፈጽመው ለመናት። ማልቀስማ ሁሉም ያለቅሳል።

ያምሮት ከቤት ወጣች። «እማ፣ ልሂድ» አለች።

አያ ሀይሉ ትንፋሹን ለቀቀ። ርዕሰ መምህሩም ቀና አለ።

«ልሂድና ልያት» አለች። «አጠገቧ እቀመጣለሁ። እየጠራችኝ ነው። እንትፍ ግን አልልባትም።»

«እንትፍ ካላልሽ ደጄን አትረግጭም!» አለ አያ ሀይሉ።

«አትሄድም» አለች ሀብትነሽ። «እንትፍ ብላ ልጅዎ ብትድን ልጄ ቡዳ ናት። ብትሞት ነፍሰ ገዳይ ናት። እኔ ይህችን ልጅ ለፈተና ነው ያሳደግኳት አያ ሀይሉ፤ ለዚህ አይደለም። ልጅዎን ሐኪም ቤት ይውሰዱ። ዛሬውኑ፤ ቅዳሜ እሑድ ነው ሳይሉ።» ያምሮትን በትከሻዋ ይዛ አስገባቻትና በሩን ዘጋች።

ተመለስን። አያ ሀይሉ ሐኪም ቤት ቡዳ አያክምም ይላል። መርፌ ከተወጋች ጭራሽ ትሞታለች አሉ ሴቶቹ። ሰብሊ ከንፈሯ ደርቆ፣ ሰው መለየት ትታ ነበር። እዚህ ላይ እኔ የሠራሁትን ልጻፍ። ያይኔአበባን ወደ ጓዳ ጠራኋትና «ሀብትነሽ እሺ ብላለች» አልኳት። «በሰው ፊት አፍራ ነው። በልቧ ልትለቃት ቃል ገብታልኛለች፤ ግን መጀመሪያ ሐኪም ቤት ካልደረሰች አይሆንም ብላለች።»

ውሸት ነው። ያን ጊዜ ሌላ አልታየኝም። እውነቱን ስንናገር ውለን የሰማን የለም፤ ውሸቷን ግን ያይኔአበባ ወዲያው ጨበጠቻት። ባጃጅ ተጠራ። ሰብሊን በመካከላችን አስቀምጠን ፍኖተ ሰላም ገባን። ደሟን አዩት፣ ወባ ነው አሉ፣ የከፋው ዓይነት ነው፣ ትንሽ ብትዘገዩ አደጋ ነበር አሉ። ግሉኮስ ተተከለላት፣ መድኃኒት ተሰጣት። እሑድ ዓይኗን ገለጠች። ሰኞ አጥሚት ጠጣች።

ዳነች። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ተነፈስኩ። ሞኝ ነኝ።

ያይኔአበባ ማክሰኞ ከወፍጮ ቤቱ ወረፋ ላይ ቆማ ለሴቶቹ ስትናገር ሰማሁ። «እናትየዋ እሺ ብላ ለቀቀቻት። ቃሏን ለመታሰቢያ ሰጥታለች፣ ጠይቋት።» መታሰቢያ እኔ ነኝ። ሴቶቹ ዞረው አዩኝ። ያኔ «ዋሽቼ ነው» ማለት ነበረብኝ። አልኩም፣ ግን ዘግይቼ፣ ግን በቀጭን ድምፅ። «ፈርታት ነው» አሉ። ሐኪሙ ወባ ነው ብሏል አልኳቸው። «ወባውንስ ማን አመጣው?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ በሀብትነሽ ላይ ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልቀረም። ድሮ ቡዳ ናት ይባል ነበር፤ አሁን በልታ የለቀቀች፣ ምስክር ያላት ቡዳ ሆነች። ምስክሯ እኔ ነኝ። ልጆች ቤቷ ላይ ድንጋይ ወረወሩ። ልትተኩሳቸው ደጅ ያሰጣቻቸውን ጋኖች አንድ ጠዋት ሁሉም ተሰብረው አገኘቻቸው። ያምሮት ወንበሯ ላይ ብቻዋን ሆነች፤ ሰብሊ ስትመለስ ሌላ ክፍል አዛወሯት። ሁለቱ ልጆች በግቢው ሲያልፉ ይተያያሉ፤ የሰብሊ ታናሽ ወንድም ለእናቱ እየነገረባት ሰላምታውም ቀረ። ርዕሰ መምህሩ ያምሮትን ጠርቶ «እስኪረጋጋ ለጊዜው ቤት ብትሆኝ» አላት። እስከ መቼ ብትለው «እናያለን» አለ። በትምህርት ቤት «እናያለን» ማለት ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ጠርጌዋለሁ።

በዚያው ሰሞን የርዕሰ መምህሩን ቢሮ ሳጸዳ ጠረጴዛው ላይ ወደ ወረዳ የሚላክ ሪፖርት አየሁ። ማንበብ እችላለሁ፣ አምስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ። «በተካሄደው የሚና ጨዋታ በተማሪዎች ዘንድ ከፍተኛ የአመለካከት ለውጥ ታይቷል» ይላል። ከሥሩ ፎቶ አለ፤ ያምሮት ጆግ ይዛ፣ ሰብሊ እያለቀሰች። ፎቶውን ቀደድኩት ብል ውሸት ይሆናል። ጠረጴዛውን ወልውዬ ወጣሁ።

የኅዳር ሚካኤል ባለፈ በሦስተኛው ቀን ሀብትነሽ ትምህርት ቤት መጣች። ከሦስተኛ ክፍል ወዲህ ያንን ግቢ ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። የልጇን መሸኛ ልትጠይቅ ነው። ቡሬ ማንም የማያውቃት አገር ወስዳ ልታስመዘግባት ቆርጣለች። ለሌላው መሸኛ ለማውጣት ሳምንት ያመላልሳሉ፤ ማኅተም የለም ይላሉ፣ ፈራሚው የለም ይላሉ። ለያምሮት በአሥር ደቂቃ ወጣላት። ርዕሰ መምህሩ ራሱ ነው በእጁ የሰጣት፤ ማለትም ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖረላትና እሷ አነሣችው።

በሩ ድረስ ሸኘኋት። እዚያ ነገርኳት፤ ያልኩትን፣ ለማን እንዳልኩ፣ ለምን እንዳልኩ። ይቅር በይኝ አልኳት።

«ልጅቱስ በደንብ ዳነች?» አለች።

«ዳነች።»

«መዋሸት ካልቀረልሽ ስለ እኔ ለምን ትዋሻለሽ? ‹እኔ ነኝ የበላኋት፣ እኔው እለቃታለሁ› አትያቸውም ነበር?»

ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። እንደዚያ ማለት ይቻል እንደነበር እስከዚያች ደቂቃ አልታየኝም። በእኔ ላይ እንዲህ ያለ ስም ሊቀመጥ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅማ። ለእኔም ባቄላ ነው የደረሰኝ፤ ሳልመርጥ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። መምህር ወንዳወቅ ይህንን ማስተማር ፈልጎ እንደነበር አውቃለሁ። የተማርኩት ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ እኔ ደግሞ የክፍሉ ተማሪ አይደለሁም። የእኔ ትምህርት ለሀብትነሽ ምን ይረባታል? ቤቷን ዘግታ ሄደች። የጭቃ መቆፈሪያዋን እዚያው ትታዋለች። ጣሪያው በክረምቱ ወደቀ፤ ሣሩን ሰው ወሰደው።

መምህር ወንዳወቅ በዓመቱ ተዛወረ። ጨዋታውን አዲስ በሄደበትም ያጫውተው እንደሆነ አላውቅም። ያይኔአበባ በአጥሩ በኩል እስከ ዛሬ ታናግረኛለች፤ ድስት ጠፋ፣ የገበያው ድስት ቶሎ ይሰነጠቃል፣ የሀብትነሽን የሚያህል የለም ትላለች። ደጋግማ ትላለች። አልመልስላትም። ብመልስላት የሚሆነውን አውቀዋለሁ፤ ደክሞኛል።

ያምሮት የስምንተኛን ፈተና ቡሬ ተፈተነች፣ አለፈች። ከዚያ ወዲህ መንገዱም ትምህርቱም እንዴት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሲዘጋ ቤት ውላ፣ ሲከፈት ተመልሳ፣ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት።

ሀብትነሽ ቡሬ ናት። ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሕንፃ ለሚሠሩ ሰዎች አሸዋና ድንጋይ ትሸከማለች። ሸክላ አትሠራም። ከየት ነሽ ሲሏት ከመራዊ ነኝ ትላለች።